ልጆቻችንን ወደ በረዶው ተራራ ስንልክ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን ጠቅላላ ሒሳብ ቀደም ብላችሁ አዳምጣችኋል። እኛ አሁን የምንናገረው ከዚያ ሒሳብ ውስጥ ስለ አንዲት መስመር ብቻ ነው። መስመሯ «የልጆች የስኪና የስኖቦርድ ትምህርት» ትላለች። ባለፈው ስብሰባ አንዲት ታላቅ እህታችን ተነስተው፣ «ለሐዘንና ለሕመም ብለን ያዋጣነው ገንዘብ እንዴት በረዶ ላይ ይንሸራተታል?» ሲሉ ጠይቀውን ነበር። ሁላችንም ሳቅን እንጂ በቂ መልስ አልሰጠናቸውም። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነበር። ዛሬ መልሱን ከነደረሰኙ ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ የተጀመረው ከቡና ላይ ወሬ ነው። የአንዲት አባላችን ልጅ አራተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቷ ተማሪዎቹን ለአንድ ቀን የስኪ ትምህርት ወደ ተራራ ለመውሰድ ለወላጆች ደብዳቤ ላከ። ልጅቷ ዋጋውን አየችና ደብዳቤውን ከቦርሳዋ ሥር ደበቀችው። የጉዞው ቀን ሲደርስ «ሆዴን አመመኝ» ብላ ተኛች። እናት ከሥራ ቀርታ አጥሚት ስታጠጣት ዋለች። ደብዳቤው የተገኘው ከወራት በኋላ ቦርሳው ሲታጠብ ነው። እናትየው ይህን ስታጫውተን፣ «የዚያን ቀን የቀረብኝ ደመወዝ ለጉዞው ይበቃ ነበር» አለች። ከዚያ ሌላዋ እናት «የእኔም ልጅ እንዲሁ አድርጎኛል» አለች፤ ሦስተኛዋም ቀጠለች። ልጆቻችን የእኛን ኪስ እየጠበቁልን ከጓደኞቻቸው ተለይተው ቤት ይውሉ ነበር። እኛ ደግሞ አናውቅም ነበር።

የምንኖረው ዴንቨር ነው። ተራሮቹን በየቀኑ ከመኪና መስኮት እናያቸዋለን። ብዙዎቻችን ግን አሥር ዓመት ኖረን አንድ ቀን እንኳ አልወጣንባቸውም። ገንዘቡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ፍርሃቱም አለ። በቋንቋችን ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚያወድመውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ እዚህ በየመንገዱ የሚከመረውም ሁሉም «በረዶ» ነው። ገበሬ ቤት ላደገች እናት በረዶ ጥፋት ነው። ልጇን «ሂድና በረዶ ላይ ተጫወት» ማለት እንዴት ይቀላታል?

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚሉንም አሉ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጥቶ ስኪ የተማረ የእኛው ልጅ ነው። በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ በ1973 ከልዩ ልዩ ከተሞች የመጡ 13 የጥቁር አሜሪካውያን የስኪ ክለቦች አስፐን ላይ ተሰብስበው ለአንድ ብሔራዊ ማኅበር መሠረት ጥለዋል። ማኅበሩ ዛሬም አለ። ስለዚህ መንገዱን የምንጠርገው እኛ አይደለንም፤ በተጠረገው ላይ ነው የምንሄደው።

አሁን ስለ ቀኑ እንናገር፤ አዲስ ወላጆች የሚጠይቁን ይህንኑ ነውና።

ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው። ልጆቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጁ 8:30 ላይ ይመዘገባሉ፤ ጫማ፣ ስኪና ሄልሜት ይከራዩላቸዋል። በዕድሜና በችሎታ ተከፍለው ለአስተማሪ ይሰጣሉ። ምሳ እዚያው ይበላሉ። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ገደማ እንረከባቸዋለን። ጀማሪዎች ወደ ላይ የሚወጡት በወንበር ሊፍት ሳይሆን መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ በሚንቀሳቀስ ማጓጓዣ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የሚማሩት መውደቅና መነሳት፣ ከዚያም መቆም ነው። ለመቆም የስኪዎቹን ጫፍ ወደ ፊት ያገናኙና ኋላውን ይከፍታሉ፤ አስተማሪዎቹ «ፒዛ» ይሉታል፣ የተቆረሰ ፒዛ ስለሚመስል። ስኪዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ መውረድ ደግሞ «ፍሬንች ፍራይ» ነው። ልጆቹ ቤት መጥተው ስለ ፒዛ ሲያወሩ ርቧቸው አይደለም።

ስኪ ይሻላል ወይስ ስኖቦርድ? ስኪ ሁለት እግር ለየብቻ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን ይቀላል። ስኖቦርድ ሁለቱንም እግር አንድ ጣውላ ላይ ስለሚያስር መጀመሪያ ላይ መውደቅ ይበዛበታል፤ የሚጎዱትም ብዙውን ጊዜ የእጅ አንጓና መቀመጫ ናቸው። ስኪ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ለጉልበት ነው። ትንንሾቹን ስኪ አስጀምሩ፤ ከፍ ያሉት ይምረጡ። በአንድ ቀን ሁለቱንም መሞከር ግን ትርፉ ድካም ነው።

ቅጹ ላይ ክብደት፣ ቁመትና የጫማ ቁጥር ይጠየቃል። እባካችሁ በግምት አትጻፉ። ስኪውን ከጫማው ጋር የሚያያዘው ማሰሪያ የሚስተካከለው በልጁ ክብደት፣ ቁመትና ዕድሜ ነው። በትክክል ከተስተካከለ ልጁ ሲወድቅ ተፈትቶ እግሩን ያድናል። የተሳሳተ ክብደት ማለት በጊዜው የማይፈታ ወይም ያለ ጊዜው የሚፈታ ማሰሪያ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ስህተታችንንም እንናገር፤ ደጋፊዎቻችን የማወቅ መብት አላችሁ። ያኔ 9 ልጆች ወሰድን። ጂንስ ሱሪና ድርብ የጥጥ ካልሲ አለበስናቸው። ብርድ ይከላከላል ብለን ነው። ጥጥ ግን ውኃ ይይዛል፤ ድርብ ካልሲም ጫማው ውስጥ እግር ያጣብቅና ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ እግሩን ተጠቅልሎ አገኘነው። «እማዬ፣ እግሬ ጠፋ» አለ። ደግነቱ ጉዳት አልደረሰበትም። የቀኑን ክፍያ ግን አልመለሱልንም። የፈረምነው ወረቀት እንደማይመለስ ይናገር ነበር፤ እኛ ደግሞ ሳናነብ ነበር የፈረምነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዚያን ቀን ሞኞቹ እኛ ነበርን። የሌላውን ሰው ወረቀት ስናነብ የምንውል ሰዎች ነን፤ የራሳችንን ሳናነብ ቀረን። ያ ልጅ በሁለተኛው ዓመት «አልሄድም» አለ፤ አልጫንነውም።

ከዚያ ወዲህ ያስተካከልነው እነሆ። የኃላፊነት ውሉን፣ በተለይም ስለ አደጋና ስለ ክፍያ መመለስ የሚናገረውን ክፍል፣ ከመፈረማችን በፊት በአማርኛ አንብበን እናስረዳለን። አንድ ቀጭን የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ካልሲ፣ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጓንት፣ መነጽር እናዘጋጃለን። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግዴታ ነው፤ በረዶው ፀሐዩን ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ውኃ በብዛት ይጠጣሉ። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ አያሰጋንም» ለሚሉ እንንገራቸው፦ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ልጆቻችን የለመዱት ይህንን ነው። በአይ-70 መንገድ ዳር ካሉት የስኪ ስፍራዎች አንዳንዶቹ ግርጌያቸው ራሱ 3,300 ሜትር ገደማ ነው።

መኪና የምትሰጡን እህቶችም ስሙን። በአይ-70 ተራራማ ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት በሕግ ግዴታ ነው። ጎማው ያለቀ መኪና ልጅ አይጫንበትም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ባለፈው የብርድ ወቅት 14 ልጆች ሄዱ። ቀድመን በቡድን ስለተመዘገብን ትምህርቱ፣ የሊፍት ትኬቱ፣ ኪራዩና ምሳው በአንድ ልጅ 165 ዶላር፣ በድምሩ 2,310 ዶላር ሆነ። ለጓንትና ለመነጽር 310፣ ለቤንዚን 120 ወጣ። ጠቅላላ ወጪ 2,740 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 840ውን ወላጆች በነፍስ ወከፍ 60 ዶላር ከፈሉ፤ በአንድ ጊዜ ያልቻሉ በሦስት ጊዜ ከፍለዋል። 1,300ውን ደጋፊዎቻችን ሰጡን። ከማኅበሩ ካዝና የወጣው 600 ዶላር ብቻ ነው። ለሐዘንና ለሕመም ከተመደበው ሒሳብ አንድ ሳንቲም አልተነካም፤ ይህንን ለጠየቁን እህታችን በተለይ እናረጋግጣለን። ጓንቶቹና መነጽሮቹ ተቆጥረው መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ከሁለት ጥንድ ጓንት በቀር ሁሉም ተመልሰዋል።

በዚህ ገንዘብ ምን ገዛን? ስኪ ተጫዋች አላፈራንም። በአንድ ቀን ትምህርት የሚጠበቀው ትንሿን ቁልቁለት ቆሞ መውረድ ነው። ነገር ግን ደብዳቤ ደብቃ የነበረችው ልጅ ባለፈው ዓመት ከ14ቱ አንዷ ነበረች። እናቷ ግርጌው ላይ ቆማ «እመብርሃን! እመብርሃን!» እያለች ስትጮህ፣ ልጅቷ ዝግ ብላ ወርዳ ፊቷ ቆመችና፣ «እማዬ፣ ሰው ያያል፤ ዝም በይ» አለቻት። ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሲመጣ ራሷ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። እናትየው ደብዳቤውን ለእኛ አሳይታናለች።

ስለዚህ ከጉባኤው የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መስመሯ በ600 ዶላር ጣሪያ እንድትቀጥል ድምፅ ስጡን። ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁን «ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት አለ ወይ?» ብላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁ። የሚከፈልበት ጉዞ ካለና ካልቻላችሁ ለእኛ ንገሩን፤ ስማችሁ ከሒሳብ ክፍሉ አይወጣም። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው ከዛሬ ጀምሮ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የልጁን ክብደትና የጫማ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ያን እግሩ የጠፋበትን ልጅም ዘንድሮ እንደገና እንጠይቀዋለን።