አርባ ዘፈን በሦስት ቀን

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለዚሁ ማደናገር ነው። በተለይም በድንገት ተጠርቶ፥ አብሮት ተለማምዶ ከማያውቅ ባንድ ጋራ፥ ብዙ ዘፈን በጥቂት ቀን አጥንቶ መድረክ ላይ ስለሚቀመጥ ድራም መቺ ነው። ርእሱ ከትምህርታችን የራቀ የሚመስለው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ የሠርግ ወራት ሲደርስ፥ ይኸውም በጥርና ከፋሲካ በኋላ፥ ባንዶች ሥራ ይደራረብባቸዋል። አንዱ ድራም መቺ ይታመማል፤ ወይም ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል። ረቡዕ ማታ ለሌላው ስልክ ይደወልለታል፤ ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ሠላሳ ወይም አርባ ዘፈን የተዘረዘረበት መልእክትም ወዲያው ይላክለታል። ልምምድ ቢገኝ አንድ ቀን ነው፤ ላይገኝም ይችላል። ሙሽሮቹና የሁለቱ ወገን ቤተ ዘመድ ይህን አያውቁም፤ ማወቅም አይገባቸውም። ለእነርሱ ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኪቦርድ የሚመታው አንድ ድምፅ ቢስት ሌሎቹ ይሸፍኑታል። ድራሙ ቢስት ግን የጨፋሪው እግር ይሰናከላል፤ ድምፃዊውም በሰው ሁሉ ፊት ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ ይህ ሰው አርባውን ዘፈን በሦስት ቀን እንዴት ያጠናዋል? ብዙ ሰዎች «ተሰጥኦ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ይህን መልስ አልቀበልም። ተሰጥኦ የሚለው ቃል እዚህ ላይ የሰውየውን ድካም የሚሰውር ቃል ነው። ትክክለኛው መልስ፥ ሰውየው በሦስት ቀን አርባ ዘፈን አያጠናም፤ በብዙ ዓመት ያጠናቸው ጥቂት የምት ዓይነቶች አሉት፤ በሦስቱ ቀን የሚያጠናው እያንዳንዱ ዘፈን ከዚያ የሚለይበትን ብቻ ነው የሚል ነው።

ዝርዝሩን ተቀብሎ የሚያደርገውን እንመልከት። አርባውን በምታቸው ይከፋፍላቸዋል። በስድስት ስምንተኛ የሚቆጠረው ችክችካ አንድ ወገን ይሆናል፤ የጉራጌው፥ የትግርኛው፥ የኦሮምኛው፥ የወላይታው እንደዚሁ ለየብቻቸው ይሰለፋሉ። ለእራት ጊዜ የሚሆኑት ዝግ ያሉ ትዝታዎችም የራሳቸው ቦታ አላቸው። አርባ የነበረው ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ስድስት ወይም ሰባት ይወርዳል። እነዚህን ስድስትና ሰባት ደግሞ እጁና እግሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቋቸዋል።

ይህ በሙዚቃ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ቼስና ሳይመን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት የቼዝ ተጫዋቾችን የማስታወስ ችሎታ መርምረው ነበር። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለጥቂት ሴኮንድ ሲያሳዩአቸው፥ ታላቁ ተጫዋች ከጀማሪው እጅግ አብልጦ የእያንዳንዱን ጠጠር ቦታ አስታወሰ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት በተበተኑ ጊዜ ግን ብልጫው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ታላቁ ተጫዋች ሲያስታውስ የነበረው ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ሳይሆን፥ አስቀድሞ የሚያውቀውን አደራደር ነበር ማለት ነው። የድራም መቺውም ነገር ይኸው ነው።

በሙዚቃ ታሪክ የታወቀ አንድ ምስክር ልጨምር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 3 ቀን 1964 ዓ.ም. የቢትልስ ድራም መቺ ሪንጎ ስታር በቶንሲል ሕመም ወደቀ። ባንዱ በማግሥቱ ኮፐንሀገን ላይ መጫወት ነበረበት። ጆርጅ ሀሪሰን ያለ ሪንጎ መሄድን ተቃውሞ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ተስማማ። ጂሚ ኒኮል የሚባል የለንደን ድራም መቺ በስልክ ተጠራና በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ስድስት ያህል ዘፈን ከእነርሱ ጋራ ተለማመደ። በማግሥቱ በሪንጎ ልብስ መድረክ ላይ ወጣ። ሪንጎ ሰኔ 14 ቀን ሜልቦርን ላይ እስኪመለስ ድረስም በዴንማርክ፥ በሆላንድ፥ በሆንግ ኮንግና በአዴሌድ ተጫወተ።

ይህን የሰማ ሁሉ ይደነቃል። ነገር ግን ኒኮል ከዚያ በፊት የቢትልስን ዘፈኖች ሌሎች ሙዚቀኞች በተጫወቱበት ዲስክ ላይ ድራም መትቶ ነበር። የተመረጠውም ማንም ተነሥቶ ሊሠራው ስለሚችል ሳይሆን፥ ሥራው አስቀድሞ በእጁ ስለ ነበረ ነው። ሪንጎ ራሱ የሚዘፍነው ዘፈንም ከዝርዝሩ ወጣ። ይህም ትምህርት አለው፤ በአጭር ጊዜ የማይሆነውን ለይቶ መተው የሙያው አንድ ክፍል ነው።

አሁን ወደ አጠናኑ ልመለስ። ሙያውን የሚያውቁት የሚሠሩበት መንገድ በአራት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፥ ከመምታት በፊት መስማት ነው። በታክሲ ሲሄድ፥ ሰልፍ ላይ ሲቆም፥ ምሳ ሲበላ ዘፈኑን ይሰማል። እጁን ሳያንቀሳቅስ በልቡ ይቆጥራል። ዘፈኑ በጆሮ ሳይገባ ከዱላው ጋራ መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛ፥ ሦስት ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ማጥናት ነው። እነዚህም አጀማመሩ፥ በመካከል ሁሉም ባንድነት ዝም የሚሉበት ስፍራና አጨራረሱ ናቸው። የዘፈን መካከል ይቅር ይላል፤ ምቱ ከተያዘ ጌጡ ቢጎድል የሚያውቅ የለም። ሁሉም ዝም ሲሉ ብቻውን የመታ ድራም ግን አዳራሹን ሁሉ ያስደነግጣል።

ሦስተኛ፥ መዝሙረኛው ምልክት እንደሚጠቀም፥ እርሱም በአጭሩ መጻፍ ነው። ለአንድ ዘፈን አንድ ወይም ሁለት መስመር ይበቃል፤ የምቱ ስም፥ ፍጥነቱ በቁጥር፥ ማን እንደሚጀምር፥ የት እንደሚቆም፥ እንዴት እንደሚያልቅ። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ በዜማ ቤታችን ምሳሌ አለን። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገረው የዜማ ምልክት፥ ከቃሉ በላይ የሚጻፍ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው። ፊደሉ የሚያስታውሰው ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ ነው። ዜማውን ለማያውቅ ሰው ያ ፊደል ምንም አይነግረውም፤ ለሚያውቀው ግን ረዥም ዜማ ያመጣለታል። የድራም መቺው ብጣሽ ወረቀትም እንደዚሁ ነው።

አራተኛ፥ ዘፈኑን ዘግቶ ራስን መፈተን ነው። ድምፁን አጥፍቶ፥ ወረቀቱን ገልብጦ፥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ይወጣዋል። በ2006 ዓ.ም. (አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በተማሪዎች ላይ ይህንኑ ፈትነዋል። አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተጠየቁ ጊዜ የተሻሉ ሆኑ። ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። የረቡዕ ማታ ጥናትም ለቅዳሜ እንጂ ለረቡዕ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መድረክ ላይ የሚጠፋ ነገር አይታጣም። ድምፃዊው ስሜት ይዞት አዝማቹን ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፤ ወይም ሙሽራው ከዝርዝሩ ውጭ ሌላ ዘፈን ይጠይቃል። ያን ጊዜ ዐዋቂው ድራም መቺ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ይቀንሳል። ጌጡን ትቶ ምቱን ብቻ ይይዛል፤ ዓይኑን ከድምፃዊው ትከሻና ከቤዝ ጊታሩ እጅ ላይ አያነሣም። አላዋቂው ግን ሲጠፋው ያበዛል፤ ስሕተቱንም ለአዳራሹ ሁሉ ያውጃል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ሁለት ነገር እናገኛለን ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ለራሳችን ነው። ለፈተና ሦስት ቀን ሲቀረን ደብተር የምንገልጥ ብዙዎች ነን። «ድራም መቺው በሦስት ቀን ከቻለ እኛስ» የሚል ቢኖር ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። በሦስት ቀን የሚደረስበት ዓመቱን ሙሉ መሠረቱን የያዘ ሰው ብቻ ነው። ምቱን ለማያውቅ አርባው ዘፈን አርባ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ለባለሙያው የሚገባውን ስለ መስጠት ነው። በድንገት የተጠራው ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው የአንድ ምሽት ዋጋ ነው። ሦስቱ የጥናት ሌሊቶች አይቆጠሩለትም፤ ከኋላቸው ያሉት ዓመታትማ ጨርሶ አይታሰቡም። «ተሰጥኦ ነው» የምንለው ቃል ለዚህ ይመቻል፤ ያለ ድካም የተገኘ ነገር ዋጋ አይጠየቅበትምና። ነገ ብዙዎቻችን ደጋሽ፥ አሠሪ ወይም ባለሥልጣን እንሆናለን። ያን ጊዜ የሰውን ሙያ ከታየበት ሰዓት ብቻ እንዳንመዝን አደራ እላለሁ።

በመጨረሻም ለክበባችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የክበባችን ድራም መቺዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የምረቃው ምሽትም እየቀረበ ነው። ክበቡ የሚጫወታቸውን ዘፈኖች ሁሉ፥ ምታቸውን፥ ፍጥነታቸውን፥ አጀማመራቸውን፥ ማቆሚያቸውንና አጨራረሳቸውን በአንድ ደብተር እንጻፍ። ደብተሩም በክበቡ ክፍል ይቀመጥ። ከመካከላችን አንዱ ቢታመም፥ በእርሱ ቦታ የሚቀመጠው ጓደኛ ባዶ እጁን አይመጣም።