ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል?
(በጁባ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ለማሠልጠኛ ትምህርት ቤታችን ድረ ገጽ ይሠራ ሲባል በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የትኛውን የይዘት ማስተዳደሪያ እንምረጥ የሚል ነው። ይህም ኮድ መጻፍ የማያውቅ መምህር ጽሑፉንና ሥዕሉን በገጹ ላይ እንዲያወጣ የሚያስችል መሣሪያ ነው። ድሩፓል በ2001፤ ዎርድፕረስ በ2003፤ ጁምላም በ2005 እ.ኤ.አ. ወጡ። ሦስቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ድሩፓል ሰፊ ሥራ ይችላል፤ ነገር ግን ባለሙያ ይሻል። ዎርድፕረስ ለጀማሪ ይቀላል፤ ሆኖም በየጊዜው ካልታደሰ ለሰርጎ ገብ በር ይከፍታል።

እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፤ ሠሪው ሲሄድ ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል ብዬ ነው። ቀድሞ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድ ጎበዝ ወጣት ያማረ ገጽ ሠርቶልን ነበር። የምስጢር ቃሉን ሳያስረክብ አገር ለቆ ሄደ። የአድራሻው ኪራይ የሚታደስበት ቀን ሲያልፍ ገጹ ተዘጋ፤ የሁለት ዓመት የትምህርት ጽሑፋችንም አብሮት ጠፋ። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ የእኛ ነበር።

በጁባ ገጹ ሥዕል ያልበዛበት፤ በደካማ መስመርም በእጅ ስልክ የሚከፈት መሆን አለበት። የዲንቃና የኑዌር ቋንቋ ልዩ ፊደላትንም ሳያበላሽ ማሳየት ይገባዋል።

ስለዚህ ምክሬ ዎርድፕረስ ነው፤ ይኸውም በውል። አድራሻው በትምህርት ቤቱ ስም ይመዝገብ፤ ሦስት መምህራን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መግቢያ ይኑራቸው፤ በየወሩም የጽሑፉ ቅጂ ተወስዶ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀመጥ። መሣሪያው ያረጃል፤ ጽሑፋችን ግን ለሚመጣው ተማሪ ይቆይ።