በጎተራ መካከል የተራበ ጦር፦ ቫሊ ፎርጅ፣ 1777–1778



ዛሬ «ክረምት» ስል የሐምሌን ዝናብ ማለቴ አይደለም፤ የሰሜን አሜሪካን ብርድና በረዶ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1777 የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ከፊላደልፊያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቫሊ ፎርጅ ላይ ሰፈረ። ብዛቱ ወደ 12,000 ይጠጋ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ዋሽንግተን ለኮንግረሱ ፕሬዚዳንት በጻፈው ደብዳቤ፣ ፈጥኖ ካልተደረሰለት ጦሩ በረኃብ እንደሚያልቅ ወይም እንደሚበተን አስጠነቀቀ። ጫማና ልብስ አጥተው ለግዳጅ የማይበቁትንም 2,898 ብሎ ቆጠራቸው።

ተማሪዎቼ ይህን ብዙ ጊዜ የበረዶ ታሪክ አድርገው ይጽፉልኛል። አልስማማም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞሪስታውን ላይ የወረደው ብርድ ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር። ፔንሲልቫኒያም የስንዴ አገር ናት። ታዲያ ወታደሩ ዱቄት በውሃ ለውሶ በእሳት የጋገረውን ቂጣ ብቻ ሲበላ እህሉ የት ነበር?

ከፊሉ በገበሬው ጎተራ፣ ከፊሉ በፊላደልፊያ ገበያ። ከተማዋን ከሴፕቴምበር ጀምሮ የያዙት እንግሊዞች በብርና በወርቅ ሳንቲም ይከፍላሉ፤ የኮንግረሱ ወረቀት ገንዘብ ግን ዋጋው እየወደቀ ነበር። ገበሬውን ከሃዲ ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ እኔ ግን የሚረባ ገንዘብ ይዞ ደጁ የመጣው ማን እንደ ነበር አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

የተገዛውም ቢሆን አይደርስም። ኮንግረሱ በዚያው ዓመት የስንቅ አቅርቦቱን ደንብ ሲለውጥ፣ ልምድ የነበረው ሹም ጆሴፍ ትራምቡል ሥራውን ለቀቀ። ማጓጓዣውን ይመራ የነበረው ቶማስ ሚፍሊንም ተሰናበተ፤ ቦታው ለወራት ሁነኛ ሰው አላገኘም። ጋሪ የለም፣ ነጂ የለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ፈረሶች መኖ አጥተው በመቶዎች አለቁ፤ ፈረስ ሲሞት ጋሪው ይቆማል፣ ጋሪው ሲቆም የተረፉት ፈረሶች መኖ ያጣሉ።

በፌብሩዋሪ ለቀናት ሥጋ ያልቀመሱ ክፍሎች ነበሩ። ዋሽንግተን ናትናኤል ግሪንን ልኮ ከአካባቢው ሰው ከብት፣ ፈረስና ጋሪ አስወሰደ፤ ለባለቤቱ የሚቀረው የደረሰኝ ወረቀት ነበር። ነዋሪው ከየአቅጣጫው ሲጮኽበት እንደ ፈርዖን ልቡን እንዳጸና ግሪን ራሱ ጽፏል። በማርች፣ ሳይወድ፣ የማጓጓዣውን ኃላፊነት ተቀበለ፤ ጋሪዎቹም መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ጦሩ በጁን ሰፈሩን ሲለቅ 2,000 ያህል ሰው ሞቶ ነበር፦ አብዛኛው በበሽታ፣ አብዛኛውም ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት።