የዐሣማ ልብ በዝንጀሮ አካል፤ የደም መርጋትስ በምን ይከለከላል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ጠንቶበት፥ ምትክ አካል ሲጠብቅ ተራው ሳይደርስ የሚሞተው ሰው በየአገሩ ብዙ ነው፤ ሰጪው ጥቂት፥ ፈላጊው እልፍ ነውና። ሊቃውንት ፊታቸውን ወደ ዐሣማ ያዞሩት ስለዚህ ነው። የዐሣማ ልብና ኩላሊት በመጠን ለሰው ይቀርባል፤ እንስሳውም ቶሎ ይራባል። ነገር ግን ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት ነገሩ በዝንጀሮ መፈተን ነበረበት።

የመጀመሪያው እንቅፋት በዐሣማ ሕዋስ ላይ የሚገኘው አልፋ-ጋል የተባለ ስኳር ነው። በሰውና በዝንጀሮ ደም ውስጥ ይህን ስኳር የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ስላለ፥ የተተከለው ልብ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይበላሽ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ስኳሩን የሚያሠራው ጂን ከእናትም ከአባትም ወገን የጠፋባቸው ዐሣማዎች ተወለዱ። ድል የተገኘ መሰለ። ሆኖም በ2005 በታተመ ጥናት እንደታየው፥ የእነዚህ ዐሣማዎች ልብ በዝንጀሮ አካል ቢበዛ 179 ቀን ቢቆይም፥ በጥቃቅን የደም ሥሮቹ ውስጥ ደም እየረጋ መንገዱን ዘጋው።

ደሙ ስለ ምን ረጋ? የጤናማ ደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ትሮምቦሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን አለው። ይህም ደም አርጊውን ትሮምቢን ይይዝና ጠባዩን ይለውጠዋል፤ ይኸውም ፕሮቲን ሲ የተባለውን ቀስቅሶ መርጋቱን እንዲገታ ያደርገዋል። የዐሣማው ትሮምቦሞዱሊን ግን የዝንጀሮንና የሰውን ትሮምቢን ቢይዝም፥ ፕሮቲን ሲን በሚገባ አያስነሣም። ቁልፉ ይገባል፥ አይዞርም።

«ታዲያ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መስጠት አይበቃምን?» የሚል ይኖራል። መድኃኒቱ የሚሠራው በመላው አካል ነው፤ መርጋት ደግሞ የቁስል ጠባቂ ነው። ስፌቱ ገና ትኩስ የሆነውን ሕመምተኛ ደሙን አብዝቶ ማቅጠን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ጂኑ ግን የሚሠራው በተተከለው አካል ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሰው ትሮምቦሞዱሊን ጂን ለዐሣማው ተሰጠ። ዶክተር ሙሐመድ ሞሂዩዲንና ጓደኞቹ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፥ አልፋ-ጋል የሌለው፥ የሰው ሲዲ46 እና ትሮምቦሞዱሊን ያለው ልብ፥ የሰውነትን መከላከያ የሚገታ መድኃኒት ታክሎበት፥ በዝንጀሮ ሆድ ውስጥ እስከ 945 ቀን መታ። የዝንጀሮው የራሱ ልብ ግን ሥራውን አልተወም ነበር። በ2018 የሙኒክ ሊቃውንት ባወጡት ጥናት የዐሣማው ልብ በራሱ በልብ ቦታ ተተክቶ ዝንጀሮ እስከ 195 ቀን ኖረ።

በጃንዋሪ 2022 በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ቤኔት 10 የጂን ለውጥ ከተደረገበት ዐሣማ ልብ ተቀበለ። ከለውጦቹ ሁለቱ፥ ትሮምቦሞዱሊንና ኢፒሲአር፥ መርጋትን ለመከላከል የገቡ ነበሩ። ሁለት ወር ያህል ኖሮ ዐረፈ፤ የዐሣማ ቫይረስም ተገኝቶበት ነበር።

እንግዲህ አንዱ እንቅፋት ሲነሣ ከኋላው የተሰወረው ይታያል። እኛም «ተሳካ» ወይም «ከሸፈ» የሚል ወሬ ስንሰማ፥ ስንት ቀን? በየትኛው ቦታ? በየትኛው ጂን? ብለን እንጠይቅ። ጠያቂ በጠፋ ዕለት ዕዳውን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።