የሞተር ዘይት በስሙ ሳይሆን በደረጃው ይመረጣል
(ስለ ናፍጣ ፒክ አፕ መኪናዎች አያያዝ በሬድዮ የተነገረ)



የመንግሥት ሥራ በወረቀት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ክትባቱ ወደ ጤና ጣቢያው፣ የፈተናው ወረቀት ወደ ወረዳው ትምህርት ቤት፣ ቀያሹ ወደ መንገዱ፣ የእርሻ ባለሙያው ወደ ገበሬው ማሳ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በአንዲት የናፍጣ ፒክ አፕ መኪና ነው። ይህች መኪና ከመንገድ በቀረች ቀን የሚቆመው ሞተሯ ብቻ ሳይሆን የምትጠበቅበት የሕዝብ ጕዳይ ሁሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለጋራዥ ሰው ብቻ የሚተው አይደለም። የግዥ ወረቀት የሚፈርመውም፣ የዕቃ ግምጃ ቤት የሚጠብቀውም፣ በመኪናዋ የሚጓዘውም ሹም ሊያውቀው የሚገባ ነው። ይኸውም ለናፍጣ ፒክ አፕ የሚሆን የሞተር ዘይት በምን ይመረጣል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የስም ክርክር ነው። አንዱ ሼል ይላል፤ ሁለተኛው ሞቢል ይላል፤ ሦስተኛው ከቶታል ወይም ከካስትሮል ወዲያ ዘይት የለም ብሎ ይከራከራል። ሌላው ደግሞ «ዘይት ያው ዘይት ነው፤ ርካሹን ግዙ» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ይፈልጋል። ሁሉም ከዋናው ነገር ርቀዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዘይትን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ሞተር ስም አያነብም። ለሞተሩ ቁም ነገሩ የዘይቱ ውፍረትና ቅጥነት፣ ጥላሸቱን የመሸከምና አሲዱን የማብረድ አቅሙ ነው። ይህም ሁሉ ከታላቁ ስም በታች ወይም በጀሪካኑ ጀርባ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ያን ትንሹን ጽሕፈት ማንበብ እንድንችል ነው።

አስቀድመን ዘይት በናፍጣ ሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየው ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። አየሩን በኀይል ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣውም በዚያ ግለት ይነዳል። ከዚህም የተነሣ የናፍጣ ሞተር ብርቱ ጫና የሚያርፍበት ሲሆን፣ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ብዙ ጥላሸት ያወጣል። በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝም ሲቃጠል ከውሃ ተን ጋር ተዋሕዶ ብረት የሚበላ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱ ብረትን ከብረት እንዳይፋተግ ከማድረጉ በላይ፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ያወጣል፤ ጥላሸቱን በታትኖ በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ አሲዱንም ያበርዳል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። አዲስ የተለወጠ ዘይት በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቈረ ተብሎ «አታለሉን» የሚባልበት ጊዜ አለ። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቈሩ ግን ጥላሸቱን እያጠበ መያዙን የሚያሳይ እንጂ ብቻውን የመበላሸቱ ምልክት አይደለም። ሊያሰጋን የሚገባው ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ እንደ ሆነ፣ ናፍጣ የሸተተ እንደ ሆነ፣ ወይም ማንም ሳይጨምርበት ልኩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ውሃ ወይም ናፍጣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏልና ወደ መካኒክ መሄድ ያሻል።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ እንመለስ። በመጀመሪያ የሚገኘው ቍጥር ነው፤ ለምሳሌ ኤስ ኤ ኢ 15 ደብልዩ 40 ይላል። ኤስ ኤ ኢ በ1905 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመ የመሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ ቍጥሩም የዘይቱን ውፍረት ያመለክታል። ደብልዩ የተባለው ፊደል በእንግሊዝኛ ክረምት የሚለው ቃል መነሻ ነው። ይህ ክረምት ግን የእኛ የዝናብ ክረምት አይደለም፤ የፈረንጆቹ የበረዶ ወራት ነው። 15 ደብልዩ የተባለ ዘይት ሞተር በሚነሣበት ጊዜ እንዴት እንደሚሆን የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድ ነው፤ 5 ደብልዩ የተባለው ደግሞ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ አዲስ አበባንም ሆነ ደብረ ብርሃንን አይጐበኛቸውም። ስለዚህ ለብርዱ ብቻ ሲባል ዋጋው ከፍ ያለውን ቀጭን ዘይት መግዛት በአገራችን አያስፈልግም። ሆኖም አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች በአሠራራቸው ቀጭን ዘይት እንዲሰጣቸው ስለሚፈልጉ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከመኪናው ጋር የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ቍጥር፣ ማለት 40 የሚለው፣ ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል፤ የሚለካውም በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። 30 ከሚለው ይልቅ 40 የሚለው በሙቀት ጊዜ ወፈር ብሎ ይቈያል። ዕቃ የጫነች ፒክ አፕ ከጎሐ ጽዮን ተነሥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርድ፣ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቍልቍለት ወርዳ ድልድዩን ከተሻገረች በኋላ ያንኑ ያህል ዳገት እስከ ደጀን ትወጣለች። አዋሽን አልፋ ወደ አፋር የምትሄደውም በበረሃው ሙቀት ትጋገራለች። በዚህ ጊዜ ብረቱን ከብረት የሚለየው ያ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ሽፋኑ ቢቀደድ የሚጐዱት ብሮንዚናውና ፋሻው ናቸው።

በሁለተኛ ደረጃ የሚነበቡት ፊደሎች ናቸው። ኤ ፒ አይ የተባለው የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም ዘይቶችን በፊደል ይመድባል። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው፤ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ስለዚህ ለናፍጣ ፒክ አፕ ዘይት ስንፈልግ ሲ የምትለውን ፊደል እንፈልጋለን። ከእርሷ የሚከተለው ፊደል ዘመኑን ያመለክታል። ሲ ኤች 4 በ1998፣ ሲ አይ 4 በ2002፣ ሲ ጄ 4 በ2006፣ ሲ ኬ 4 በ2016 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። በጠቅላላው ኋላ የወጣው ቀድሞ ከወጣው የሚሻል ቢሆንም፣ አዲስ የሆነ ሁሉ ለሁሉ ቦታ ይስማማል ማለት አይደለም። ሲ አይ 4 የታሰበው በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ በክብደት እስከ 0.5 ከመቶ ለሚደርስበት ነው። ሲ ጄ 4 እና ሲ ኬ 4 ግን የታሰቡት ድኙ ከ0.05 ከመቶ ለማያልፍ ናፍጣ ነው። የሚቀዳው ናፍጣ ድኝ የሚበዛበት ከሆነ፣ ለአሮጌው ሞተር አሲድ ለማብረድ የበለጠ አቅም ያለው የቀድሞው ደረጃ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሌላ አንድ ብርቱ ልዩነት አለ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከተሠሩት ፒክ አፖች አንዳንዶቹ በጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚያስቀር ማጣሪያ አላቸው። ዘይት ሲቃጠል ከሚተወው አመድ የተነሣ ይህ ማጣሪያ ቀስ በቀስ ይደፈናል፤ አመድ ደግሞ እንደ ጥላሸት ተቃጥሎ አይጠፋም። ስለዚህ ለእነዚህ መኪናዎች አመዱ ያነሰ ዘይት ያስፈልጋል። መመሪያቸውም በአውሮፓ አምራቾች ምደባ በሲ የሚጀምረውን፣ ወይም በጃፓኖች ምደባ ዲ ኤል 1 የሚባለውን ሊጠይቅ ይችላል። ማጣሪያ ያላትንና የሌላትን መኪና ከአንድ በርሜል መቅዳት ለግምጃ ቤቱ ሥራ ያቃልል ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዷን ግን ይጐዳል።

እንግዲህ ወደ ስሞቹ እንመለስ። ስም ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ታዋቂ የሆነ ኩባንያ ስሙን ላለማጕደፍ ይጠነቀቃል፤ ይህም ለገዢው አንድ ዋስትና ነው። ነገር ግን በአንድ ስም ጥላ ሥር የተለያዩ ዘይቶች ይሸጣሉ። ከሼል ሪሙላ ብቻ እንኳ ብንጠቅስ፣ አር 4 ኤክስ የሚባለው የሲ አይ 4 ደረጃ ያለው ሲሆን፣ አር 4 ኤል የሚባለው አመዱ ዝቅ ያለና ጭስ ማጣሪያ ላላቸው ሞተሮች የታሰበ ነው። ልዩነቱ በጀሪካኑ ላይ አንዲት ፊደል ናት። «ሪሙላ ግዛ» ተብሎ የተላከ ሰው የትኛውን ይዞ ይምጣ? በሞቢል ዴልቫክም ሆነ በቶታል ሩቢያ ስም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአንጻሩ ግን ደረጃቸው አንድ የሆነና እውነተኛ የሆኑ የሁለት ኩባንያ ዘይቶች ለአንድ ሞተር የሚሰጡት አገልግሎት ተቀራራቢ ነው።

ስለዚህ የግዥ ጥያቄ የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን «የሞተር ዘይት፣ 20 ጀሪካን» ብለው አይለፉት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዝቅተኛውን ዋጋ ላቀረበው ሁሉ በሩን ይከፍታል። ጭስ ማጣሪያ ለሌላት፣ መመሪያዋም ለሚፈቅድላት ፒክ አፕ፣ «የናፍጣ ሞተር ዘይት፤ ኤስ ኤ ኢ 15 ደብልዩ 40፤ ኤ ፒ አይ ሲ አይ 4፤ በአምራቹ እንደ ታሸገ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህ አንድ መስመር ጽሕፈት ነጋዴዎቹን በእኩል ያወዳድራል፤ ገንዘቡንም ሞተሩንም ያድናል። ይህ ባለመጻፉ ሞተሩ ተጣብቆ የቆመ እንደ ሆነ፣ ጣት የሚቀሰረው ዘይቱን ባልመረጠው በሾፌሩ ላይ ነው። የዘይት ዋጋ ከሞተር ማደሻ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሆኑን የማያውቅ የሒሳብ ክፍል የለም፤ ሆኖም የመጀመሪያው በየጊዜው ስለሚታይ ይቈጠባል፤ ሁለተኛው ግን ድንገት ይመጣል።

ደረጃው በትክክል ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ዘይቱ እውነተኛ መሆኑን መመልከት ይገባል። በታዋቂ ስም ጀሪካን ውስጥ ተራ ወይም ያገለገለ ዘይት ሞልቶ መሸጥ በብዙ አገር የታወቀ ማጭበርበር ነው። ክዳኑ ያልተነካ፣ የማሸጊያው ቍጥር ያልተፋቀ መሆኑን እዩ፤ ከታወቀ ወኪል ወይም ማደያ ግዙ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ባዶውንም ጀሪካን ቀዳችሁ ጣሉ፤ ያልተቀደደ ባዶ ጀሪካን ለአጭበርባሪ ንብረት ነውና።

መልካም ዘይት ተገዝቶም በአያያዝ ይበላሻል። በርሜል በግቢ ውስጥ ቆሞ ከዋለ ዝናቡ በክዳኑ ዙሪያ ይጠራቀማል። ቀን በፀሐይ ያበጠው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኰማተርና ያን ውሃ በክዳኑ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ በርሜል በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ በውጭ ማዋል ግድ ከሆነም በጎኑ ይጋደም፤ ሁለቱም ክዳኖች በአግድም ተስተካክለው ከዘይቱ ከፍታ በታች ይሁኑ።

የመለወጫውም ጊዜ እንዲሁ ነው። አምራቹ ለመልካም መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢፈቅድ፣ ለአቧራ፣ ለከባድ ጭነትና ለአጭር ምልልስ ግማሹን ሊያዝዝ ይችላል። አብዛኞቹ የገጠር ፒክ አፖቻችን የሚውሉት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ዘይቱ ሲለወጥ ፊልትሮው አብሮ ይለወጥ፤ ቀኑና ኪሎ ሜትሩም በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ሾፌሩ ጠዋት መኪናውን በሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የመለኪያውን ዘንግ ይመልከት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን፤ ከላይኛው ምልክት ማለፉም እንደ መጕደሉ ሁሉ ይጐዳል። የወጣውንም አሮጌ ዘይት ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አትድፉት፤ ውሃውን የሚጠጡ ሰዎች አሉ።

ክቡራን አድማጮችና አንባብያን፤ በዚህ ሳምንት በየመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ትንሽ ነገር እንድትፈጽሙ እናሳስባለን። ከፒክ አፓችሁ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የዘይቱን ገጽ ፈልጉ፤ ቍጥሩንና ፊደሉን በወረቀት ገልብጡና አንዱን በግምጃ ቤቱ በር፣ አንዱን በሾፌሩ መዝገብ፣ አንዱን በግዥው ፋይል ውስጥ አኑሩት። ከዚያ በኋላ ስለ ስም የሚነሣው ክርክር በራሱ ይበርዳል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።