ንግሥቷ ከአገሯ አትውጣ

አቅራቢ 1፦ ወንድሜ፣ ጌጃ ሰፈር ዝናብ ሲያባራ ክንፋም ጉንዳን ያየ ልጅ ንግሥቷን ማሳደግ ይችላል?

አቅራቢ 2፦ ይችላል እህቴ። ከወንዱ ጋር ተገናኝታ ክንፏን የጣለችውን ንግሥት፣ ውሃው በጥጥ በተደፈነ ቱቦ ጨለማ ውስጥ ያቆያታል። ብዙዎቹ ዝርያዎች የመጀመሪያ ልጆቻቸውን በሰውነታቸው ስንቅ ያሳድጋሉ።

አቅራቢ 1፦ እኔን የሚያሳስበኝ የጉንዳን ንግዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ 5,000 ገደማ ንግሥቶች ይዘው የተገኙ ሁለት ቤልጂየማውያን ወጣቶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ሽልንግ ተቀጥተዋል።

አቅራቢ 2፦ ተገቢ ፍርድ ነው! ንግሥቷ ስትወሰድ ልትመሠርተው የነበረው መንጋ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል።

አቅራቢ 1፦ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ አሳድገው ይማሩ፤ ለሚገዛ እንግዳ ግን አንዲትም አትሽጡ።