የሕመም ማስታገሻና የታመመ ልብ



ለጉልበት ቁርጥማት ያለ ሐኪም ማዘዣ የምትገዛ ክኒን የልብ ሕመምተኛን ልትጎዳ ትችላለች ብል፣ የማጋንን የሚመስለው አይጠፋም። ነገሩ ግን ብዙ ሕይወት ተከፍሎበት የታወቀ ነው።

መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ቫዮክስ የተሰኘ ማስታገሻ ለገበያ አቀረበ። ለጨጓራ የሚራራ ነው ተብሎ ተወደሰ። በዓመቱ የወጣ ጥናት ግን ቫዮክስ የወሰዱት ናፕሮክሲን የተባለውን ሌላ ማስታገሻ ከወሰዱት ይልቅ ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደበዛባቸው አሳየ። ኩባንያው «ናፕሮክሲን ልብን ስለሚጠብቅ ነው እንጂ የእኛው አይጎዳም» የሚል ማብራሪያ ሰጠ። ማብራሪያው ለሻጩ እጅግ የሚመች ነበር፤ መጠርጠር የነበረበትም ለዚሁ ነው። ሌላ ጥናት አደጋው በእጥፍ ገደማ መጨመሩን ሲያሳይ መድኃኒቱ በ2004 ከገበያ ወጣ።

ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የያዙት የቫዮክስን ስም ብቻ ነው። ዲክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻም እኮ መንገዱ ያው ነው። ኮክስ-2 የተባለውን ኢንዛይም ሲያግድ ሕመምና እብጠት ይቀንሳል። ይኸው ኢንዛይም ግን ደም በደም ሥር ውስጥ እንዳይረጋ የሚከላከል ንጥረ ነገር ያስገኛል፤ እሱ ሲጓደል ደም መርጋት ይቀናዋል። ኩላሊትም ጨውና ውኃ ያጠራቅማል፦ የደም ግፊት ይወጣል፣ እግር ያብጣል፣ የልብ ድካም ያለበት ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2013 ዲክሎፌናክ የልብ ድካም ላለባቸው፣ የልብ ደም ሥራቸው ለጠበበና ስትሮክ ለመታቸው እንዳይሰጥ አሳሰበ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪም በ2015 አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊከሰት እንደሚችል አስጠነቀቀ።

አይቡፕሮፌን የተባለው ማስታገሻም ሌላ ጣጣ አለው። ከአስፕሪን ቀድሞ ከተዋጠ የአስፕሪኑን ቦታ ስለሚይዝበት፣ ለልቡ ሲል አስፕሪን የሚወስደው ሰው ጥበቃው ሊጓደልበት ይችላል።

በአገራችን ደግሞ ቶንሲል ያመጣው የልብ ቫልቭ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ይዟል። ከእነሱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ አሉ። መገጣጠሚያዬን አመመኝ ብሎ የዲክሎፌናክ መርፌ የሚወጋ የዋርፋሪን ተጠቃሚ ለከባድ መድማት ይጋለጣል። «ካልተወጋሁ አልድንም» የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

ለእነዚህ ሕመምተኞች ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ልክ አለው። በ2022 የወጣ የስኮትላንድ ጥናት ግፊት ያለባቸው ሰዎች በቀን 4 ግራም ለሁለት ሳምንት ሲወስዱ የላይኛው ግፊታቸው በ5 ነጥብ ገደማ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነትም ሶዲየም ይበዛበታል።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ ዲክሎፌናክ ከማቀበላችሁ በፊት ስለ ልብ፣ ስለ ግፊትና ስለ ኩላሊት ጠይቁ። ሕመምተኞችም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሐኪም ለልባችሁ ያዘዘላችሁን አስፕሪን ግን ይህን ንግግር ሰምታችሁ እንዳታቋርጡ አደራ።